የማይግሬን መሣሪያ ገዝተው የሚሳሳቱ ሰዎች

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የራስ ምታት ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ማይግሬን ለሚባለው ከባድ የራስ ምታት የሚሆነውን፣ ግንባር ላይ ተለጥፎ በቀላል ኮረንቲ ነርቭ የሚያነቃቃውን «ሴፋሊ» (Cefaly) የተባለ መሣሪያ ለብዙ ሐበሾች አሳይቻለሁ። የሚሳሳቱት ሁሌም እነዚሁ ላይ ነው።

ሳምንት ሞክሮ መተው

ይሄ ያንገበግበኛል። «እህቴ፣ ገንዘቤን በላው እንጂ ምንም አልሠራልኝም» ይሉኛል። ስንት ቀን ተጠቀማችሁ ስል፣ «አምስት ቀን፣ ያውም ሲያመኝ ብቻ።» መከላከያው እኮ ሳያምም ነው የሚደረገው! በየቀኑ፣ 20 ደቂቃ። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ የሚደረገው ሌላ ነው፤ እሱ 60 ደቂቃ ይፈጃል።

ቤልጂየም ውስጥ 67 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ውጤቱን ያየው በሦስተኛው ወር ነው። በትክክለኛው መሣሪያ ከታከሙት 38 በመቶ ያህሉ የሚታመሙበት ቀን ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ። ለማነጻጸሪያ፣ የማይሠራ የማስመሰያ መሣሪያ ከተሰጣቸው ግን 12 በመቶ ያህሉ ብቻ። ሁሉንም አያድንም፣ እውነት ነው። ግን በአምስት ቀን ተስፋ አትቁረጡ፤ እባካችሁ ሦስቱን ወር ስጡት።

የተቀባ ግንባር

አንዲት እናት ግንባራቸው በቫዝሊን አብረቅርቆ መጡ። ተለጣፊው አልይዝ ስላላቸው ሻሽ አስረውበታል። ዳር ዳሩ ተነስቶ መሃሉ ብቻ ሲነካ ኮረንቲው እዚያች ላይ ይጠራቀምና ያቃጥላል። በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ መልሼ ለጠፍኩላቸው። «አሁን ገና እኩል ነዘረኝ ልጄ» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ቀን እስከ ጥግ መግፋት

ይህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኃይሉ ከ10 ደቂቃ በላይ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ግን ባለበት ይቆማል። ሥራ ስጀምር አንዷን ወጣት «ትንሽ ቻይው» አልኳት። እያለቀሰች ነቅላው ሄደች፣ አልተመለሰችም። እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ሁሉንም መጀመሪያ የማለማምዳቸው ቁልፉን መጫን ነው።

መኪና እየነዱ

በጭራሽ። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊል ይችላል።

ሳይጠይቁ ለቤተሰብ መላክ

አገር ቤት ለእናታቸው የሚልኩ አሉ፤ ደስ ይለኛል። ግን ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል የተተከለ መሣሪያ) ካላት ወይም ጭንቅላቷ ውስጥ የተተከለ ብረት ካለ ሴፋሊን በፍጹም መጠቀም የለባትም። መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቋት። ትርፍ ተለጣፊም አብራችሁ ላኩ፤ አንዱ 20 ጊዜ ያህል አገልግሎ መያዝ ይተዋል።