የስልክ ባትሪ እስከ ማታ እንዲቆይ እንዴት ይደረጋል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ጠዋት መቶ በመቶ ሞልቶ ከቤት የወጣ ስልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሲዘጋ፣ ብዙ ሰው ወይ ባትሪ ሊያስቀይር ይሄዳል ወይ «ባትሪ ሴቨር» የሚል አፕ ያወርዳል። በሁለቱም አትቸኩሉ። እነዚያ አፖች አብዛኞቹ ራሳቸው ከጀርባ እየሠሩ ማስታወቂያ የሚጭኑ ናቸው፤ ስልካችሁ ላይ ካሉ አሁኑኑ አጥፏቸው። ባትሪውም ገና ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቻርጁን የሚበላው ምን እንደሆነ እዩ።

1. የሚበላውን ለዩ

ሴቲንግ ገብታችሁ ባትሪ፣ ከዚያ ባትሪ ዩሴጅ የሚለውን ክፈቱ። ቦታው እንደ ስልኩ ዓይነት ትንሽ ይለያያል። ማየት ያለባችሁ ማታ ነው፣ ስልኩ ወደ ሃያ በመቶ ሲወርድ። ጠዋት ከቻርጅ እንደነቀላችሁት ብትከፍቱት የቀኑን ውሎ ላያሳያችሁ ይችላል።

ዝርዝሩ አናት ላይ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ከተቀመጠ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወደ ቁጥር 3 እለፉ። «ሞባይል ኔትወርክ» ወይም «ስታንድባይ» የሚል ከላይ ካያችሁ፣ ወይም ስልኩ ሳትነኩት ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ ቻርጁ ሲወርድ ከዋለ ግን ጉዳዩ ኔትወርክ ነው። እኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ሰው ግን እሱን የሚጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው።

2. ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ እንዳይደክም አድርጉ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው።

ስልክ ባትነኩትም ከኔትወርክ ማማው (አንቴናው ከተሰቀለበት ምሰሶ) ጋር መነጋገሩን አያቆምም። ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ የሚያዘው ማማው ነው፤ በደንብ ሲሰማው «ቀንስ» ይለዋል፣ ሳይሰማው ሲቀር «ጨምር» ይለዋል። በ4ጂ የአንድ ስልክ ጣሪያ 0.2 ዋት ገደማ ሲሆን፣ ማማ አጠገብ ያለ ስልክ የሚያወጣው የዚህን ኢምንት ነው። ከጋራ ማዶ ላለ ሰው ሲጣራ የዋለ ሰው እንደሚዝል ሁሉ፣ ሲግናል ደካማ የሆነበት ቦታ የዋለ ስልክም ምንም ሳይሠራ ይዝላል። ሲግናሉ ጭራሽ ሲጠፋ ደግሞ በየጊዜው እየነቃ ሞገዱን ሁሉ ያስሳል።

እስቲ አገራችንን አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ በጋራ ተከባ የተቀመጠች ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርዳል። በየኩርባው ጋራው ማማውን ሲጋርደው ስልኩ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው፣ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ይዘላል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ሲም ካለው ይህን ሁሉ ለሁለቱም ነው የሚያደርገው። በሚኒባስ ጠዋትና ማታ የሚመላለስ ሰው ቢሮው ደርሶ ስልኩን ሲያወጣ ቻርጁ ጎድሎ ቢያገኘው አይግረመው።

መጀመሪያ ሲግናሉን ለኩ። ስክሪኑ አናት ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች አያስተማምኑም። ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሲም ስታተስ ግቡ፤ ሲግናል ስትሬንግዝ የሚል አለ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ታያላችሁ። በ4ጂ -85 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። -110 እና ከዚያ የባሰ (ለምሳሌ -115) ከሆነ ስልኩ እየታገለ ነው። በ10 ተለያየ ማለት የሚደርሰው ጉልበት በአሥር እጥፍ ተለያየ ማለት ስለሆነ -95 እና -105 ተቀራራቢ እንዳይመስሏችሁ። ስልኩን ይዛችሁ ቤቱን ዞር ዞር በሉበት። ቆርቆሮና ብረት የበዛበት ኮንክሪት ሞገድ ያግዳሉ፤ ፒያሳ ፎቅ ሥር ባለ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ የዋለ ስልክና በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ የዋለ ስልክ ማታ እኩል ቻርጅ አይኖራቸውም። መኝታ ቤትም ሲሆን መስኮቱ ሥር አስቀምጡት።

ሁለተኛውን ሲም ለጥቅል ወይም ለገንዘብ ማስተላለፊያ ብቻ የያዛችሁት ከሆነ፣ በማትፈልጉት ሰዓት ከሴቲንግ አጥፉት። ሲሙን ማውጣት አያስፈልግም፤ ሲም ካርድ የሚለው ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። እኔ ከምመክራችሁ ሁሉ ትንሹ ልፋትና ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ በተለይ አንደኛው ቴሌኮም ቤታችሁ አካባቢ በደንብ የማይገባ ከሆነ።

የኔትወርክ ዓይነት መምረጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «4ጂ ባትሪ ይበላል» ብለው ሁልጊዜ 2ጂ ላይ አድርጉት የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልስማማም። 4ጂ በደንብ በሚገባበት ቦታ ዳታው ቶሎ ወርዶ ስለሚያልቅ ስልኩ ቶሎ ያርፋል። 2ጂ ወይም 3ጂ ላይ መቆለፍ የሚጠቅመው 4ጂው አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግር፣ እናንተም ጥሪ ብቻ ስትጠብቁ ነው። የምትጠብቁት ጥሪ ከሌለ ደግሞ ሐረጎን እስክታልፉ ፍላይት ሞድ አድርጉት። ፋብሪካ ወይም ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩና ሺፍት ስትገቡ ስልካችሁን ብረት ሎከር ውስጥ የምትቆልፉ ካላችሁ፣ ከመቆለፋችሁ በፊት ዝጉት። የብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሙሉ ሺፍት ኔትወርክ ሲፈልግ የሚውል ስልክ ስትወጡ ቤተሰብ የምትደውሉበት ቻርጅ አይተርፈውም።

3. ስክሪኑንና አፖቹን ግቱ

ብራይትነሱን ዝቅ፣ ስክሪኑ የሚጠፋበትን ጊዜ 30 ሰከንድ አድርጉ።

ዳርክ ሞድ (የስክሪኑን ገጽ ጥቁር የሚያደርገው) ሁሉም ስልክ ላይ ባትሪ አይቆጥብም። አሞሌድ የሆነ ስክሪን ጥቁሩን ቦታ ስለሚያጠፋው ይቆጥባል። ኤልሲዲ ግን ከጀርባው ሁሌም መብራት አለው፤ ርካሽ የሆኑት የቴክኖና የአይቴል ስልኮች ብዙዎቹ ኤልሲዲ ስለሆኑ ዓይን ከማሳረፍ ያለፈ ጥቅም የለውም። አሞሌድም ቢሆን የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት፣ ብራይትነሱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን የሚቆጥበው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ብራይትነሱ ሙሉ ሲሆን ነው ከ39 እስከ 47 በመቶ የሚደርሰው። ስለዚህ ዳርክ ሞድ ደጅ ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው በደንብ የሚጠቅመው።

ቴሌግራም ላይ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብታችሁ ቪዲዮና ፋይል ራሱን እንዳያወርድ ዝጉ። ብዙ ቻናልና ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲዘጋ ጥቅሉም ባትሪውም ይተርፈዋል። ፓወር ሴቪንግ የሚልም ስላለ አኒሜሽኑን ቀንሱበት። ማታ ስትተኙ ዳታ አጥፉ። ብሉቱዝ፣ ሎኬሽን፣ ሆትስፖት፦ ሥራ ሲያልቅ ይጠፋሉ።

በየደቂቃው የተከፈቱ አፖችን እየጠረጉ መዝጋት ግን ተዉ። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ አፖቹን ራሱ ያስተኛቸዋል። የጠረጋችሁትን አፕ መልሳችሁ ስትከፍቱ ከዜሮ ስለሚነሳ ይልቁን ተጨማሪ ይበላል። አንድ አፕ ሳትጠቀሙበት ዝርዝሩ ላይ ከላይ ከታየ፣ እሱን ብቻ ከባትሪ ሴቲንግ «ሪስትሪክትድ» አድርጉት።

4. ከሙቀትና ከብርድ ጠብቁት

በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ባትሪውን ለጊዜው ያዳክመዋል፤ ጠዋት ሃያ በመቶ እያሳየ በድንገት ቢዘጋ ከውስጥ ኪስ ሲሞቅ ይመለሳል። የሙቀት ጉዳት ግን አይመለስም፤ የባትሪውን አቅም ለዘለቄታው ይቀንሰዋል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ስልክ አትተዉ። ቻርጅ ላይ ሆኖ ጌም መጫወትም፣ ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግም ያው ነው።

5. አሞላሉ

ዜሮ ገብቶ እስኪዘጋ መጠበቅ የድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ወግ ነው። የዛሬው ሊቲየም ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ሲውል ነው ዕድሜው የሚረዝመው። በዚያ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ መብራት ባለበት ሰዓት ትንሽ ትንሽ መሙላት ያዋጣል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሊያቃጥለው ይችላል።

ፓወር ባንክ ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። 10,000 ሚሊ አምፒር (mAh) የሚለው የውስጡ ሴል በ3.7 ቮልት ሲሰላ ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ብክነቱ ሲቀነስ 6,000 ገደማ ነው የሚተርፈው፤ 5,000 ሚሊ አምፒር ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ቢተርፈው ነው። በመጠኑ ከሌሎቹ ሳይበልጥ፣ ክብደቱም ቀሎ፣ 50,000 የሚል ተጽፎበት ካያችሁ አትግዙት።

6. ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቆየ

ስልኩ ሁለት ሦስት ዓመት ከሞላው፣ ከሠላሳ በመቶ በአንዴ ወደ አምስት የሚወድቅ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል። ሲያስቀይሩ አሮጌውን ስጡኝ በሉና ሞዴሉንና ቮልቱን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ከኦርጅናሉ በጣም የሚበልጥ ሚሊ አምፒር የተጻፈበት፣ መጠኑ ግን ያው የሆነ ባትሪ ቁጥሩ ውሸት ነው። የስልኩ ጀርባ ከፍ ካለ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው አብጧል፤ ያኔ ቻርጅ ላይ አትሰኩት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። ዝጉትና በዚያው ቀን ጠጋኝ ጋ ውሰዱት።