ለውሻው የተረፈ ወጥ አትስጡት

ደሴ ውስጥ የተጣለ ውሻ አንስታችሁ ቤት የምታቆዩ፣ የተረፈ ወጥ አትስጡት። የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። እኔም የሽሮ ፍትፍት ስሰጥ ከርሜ ነው የነቃሁት። አሁን ሩዝ ከትንሽ ሥጋ ጋር ለብቻው እቀቅልለታለሁ፤ ጨው የለው፣ በርበሬ የለው። በረሃብ የከሳ ከሆነ በአንዴ አታጥግቡት፣ በቀን 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት። በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን መወርወርም ይቅር፤ ከዚያ የሚይዘው ትል ለልጆችም ይተርፋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይከተብ ከልጆች ጋር አታቀላቅሉት። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ። ማታ ደግሞ የደሴ ብርድ አይጣል ነው፣ ከሲሚንቶው ላይ ጆንያ አጥፋችሁ አንጥፉለት።