ድምፅ ቀረጻና ሚክሲንግ፦ ለትርፍ ጊዜ ወይስ ለእንጀራ? ከቤት እንዴት እንደሚጀመር

ድምፅ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ) የሚወድ ሰው በሁለት ሐሳብ ይወጠራል። ከሥራ መልስ ይሥራው ወይስ ያለውን ሥራ ትቶ ይግባበት? ይህን ቁጭ ብሎ በማሰብ መወሰን አይቻልም፤ የሚለየው በእጅ ሲሞከር ነው። ደግነቱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትምህርት ለሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ስለዚህ ደመወዛችሁን ይዛችሁ ጀምሩ። ልዩነቱ የሚገለጠው የሰው ሥራ በቀጠሮ መረከብ ስትጀምሩ ነው።

1. ዕቃውን በልኩ ግዙ

ለመነሻ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን)፣ አንድ ዳይናሚክ ማይክ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን፣ የኤክስኤልአር ገመድ፣ የማይክ ማቆሚያና ፖፕ ፊልተር (የአፍን ትንፋሽ የሚያቆም መከለያ) ይበቃሉ። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ኮንደንሰር ማይክ የስቱዲዮ ማይክ ስለሚባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚገዛው እሱን ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመኪና ጡሩምባና የጎረቤት ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ግን ርካሽ ኮንደንሰር ከድምፃዊው እኩል ሰፈሩን ይቀዳል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው ዳይናሚክ ማይክ ሹር ኤስኤም 58 ወይም ወንድሙ ኤስኤም 57 ለዚህ ዓይነት ቤት ይሻላል። ሲወድቅ በቀላሉ አይበላሽም፤ ነገ መድረክ ላይም ታወጡታላችሁ። አስመስለው የሚሠሩት ስለበዛ ከመግዛታችሁ በፊት መዝኑት። ትክክለኛው ኤስኤም 58 ወደ 300 ግራም ይመዝናል፤ ቀለል ካላችሁ ተጠራጠሩ። እነዚህ ማይኮች ብዙ ጌይን ይፈልጋሉ፤ ጌይን ኢንተርፌሱ የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላበት መጠን ነው። ለለስላሳ ድምፅ ከ55 እስከ 60 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ ኢንተርፌስ ስትመርጡ ይህን ቁጥር እዩ።

ለመቅጃና ለሚክስ ሶፍትዌር ሪፐርን ምረጡ። 60 ቀን በነጻ ይሞከራል፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ፖድካስት ለመቁረጥና ለማጽዳት ብቻ ከሆነ ነጻው ኦዳሲቲ ይበቃል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም አትጫኑ። ቫይረሱ አንድ ችግር ነው፤ ሌላው ደግሞ ደንበኛ ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ፕሮጀክቱ አልከፍትም ማለቱ ነው።

2. ኤሌክትሪኩን አስተካክሉ

ላፕቶፑን፣ ኢንተርፌሱንና ስፒከሩን ከአንድ ዲቫይደር አብሩ። «እምምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ፤ ከጠፋ ምክንያቱ የመሬት ሽቦ መደጋገም ነው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ጉምጉምታው በ50፣ በ100 እና በ150 ሄርዝ ላይ ይቀመጣል። ከሶኬቱ የመሬት እግሩን ሰብሮ ዝም ማሰኘት በየመድረኩ ይታያል፤ ሰው የሚገድል ነገር ነው፣ አታድርጉት። ዲአይ ቦክስ (የሙዚቃ መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) ላይ ያለው የመሬት ማቋረጫ ማብሪያ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙም በየ5 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካክሉት።

3. ክፍሉን ግሩት

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። የክፍሉ ድምፅ ማይክ በመቀየር አይስተካከልም፣ በፕለጊንም (ቀረጻ ፕሮግራሙ ውስጥ በሚጨመር የድምፅ ማስተካከያ) አይወገድም።

ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ በኃይል አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ዝርርር» የሚል ብረት ብረት የሚሸት ጭራ ከተሰማ ድምፁ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ልሙጥ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ያ ጭራ ከድምፃዊው ጋር አብሮ ይቀዳል። ኮምፕሬሰር ስታስገቡበት ደግሞ ይብሳል፤ ኮምፕሬሰር ከፍ ያለውን ተጭኖ ዝቅ ያለውን ወደ ላይ ስለሚያወጣ የክፍሉ ድምፅ ይጎላል።

ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ስፖንጅ ነው። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በደንብ የሚውጠው ከ1,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። ግድግዳውን ሁሉ በሱ ስትሸፍኑት ቀጭኑ ይጠፋና ወፍራሙ ጉምጉምታ ብቻውን ይቀራል፤ የተቀዳው ድምፅ የታፈነ ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን ከዚህም ያነሰ ነው፣ ቦታ አታስይዙለት። ምክንያቱ የሞገድ ርዝመት ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ100 ሄርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ ይህን በ3 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ማቆም አይቻልም። ግድግዳዎቹ በ3 ሜትር የሚራራቁ ክፍል 57 ሄርዝ አካባቢ ላይ ያገሳል። ቤዝ ጊታሩ አንዷ ኖታ ላይ ቤቱን የሚሞላውና ሌላዋ ላይ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ያለ ነገር ብዙ ያግዛል። ወፍራም ቡልኮ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ይልቅ ከኋላው አየር ያለው ወፈር ያለውንም ድምፅ ይይዛል። ፍራሽ በማዕዘን በኩል አቁሙ። በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን ካለ በሩን ክፈቱት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቡልኮው የሚሰቀለው ከድምፃዊው ጀርባ ነው። ብዙዎች ከማይኩ ጀርባ ይሰቅሉትና ለውጥ አጣን ይላሉ። ካርዲዮይድ ማይክ የሚሰማው ወደፊቱ ነው። ፊቱ ያለው ድምፃዊው፣ ከድምፃዊው ኋላ ያለው ግድግዳና ከግድግዳው ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ነው። አንድ ቡልኮ ብቻ ካላችሁ ቦታው እዚያ ነው፤ ሁለተኛ ካላችሁ በጎን፣ ሦስተኛ ካላችሁ ከማይኩ ጀርባ።

ቦታው ሲዘጋጅ ድምፃዊው በሚዘፍንበት ጌይን 10 ሴኮንድ ጸጥታ ቅዱ። የፕሮግራሙ ሜትር (ዜሮ ጣሪያው ነው) ከ-60 ዴሲቤል በላይ ካሳየ የሚጮኸውን ፈልጉ፦ ፍሪጅ፣ የላፕቶፕ ማራገቢያ፣ የሚያሽካካ አምፖል። የዝናብ ድምፅ ግን ከቆርቆሮ ላይ አይነሳም። በክረምት የአዲስ አበባ ዝናብ በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀረጻችሁን ጠዋት አድርጉ።

4. ጌይን

በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎ ሄርዝ ቅዱ። ድምፃዊውን የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ አዘፍኑትና ጫፉ ከ-12 እስከ -10 ዴሲቤል እንዲያርፍ አድርጉ። ለሙከራ የሚዘፍንና ስሜት ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ሰው አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ እስከ 6 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ያ ክፍተት ለዚህ ነው። ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ አይመለስም። ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ግን 24 ቢት ላይ ያለ ችግር ከፍ ታደርጉታላችሁ። አፍና ዳይናሚክ ማይክ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከዚያ ሲቀርብ ድምፁ ይጎረንናል፣ ሲርቅ ክፍሉ ይገባል።

5. ክራርና ድምፅ፣ ወይም ሁለት ማይክ በአንዴ

ክራር እየመታ የሚዘፍን ሰው በሁለት ማይክ ስትቀዱ የድምፃዊው ድምፅ በሁለቱም ይገባል፤ ወደ ሩቁ ማይክ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። 34 ሴንቲ ሜትር የመንገድ ልዩነት 1 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ይህ መዘግየት ሁለቱ ሲደመሩ 500፣ 1,500 እና 2,500 ሄርዝ ላይ ያለውን ድምፅ ይበላዋል፤ ድምፁ ቀጭንና ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። የክራሩን ማይክ ከታች፣ ከድምፅ ሳጥኑ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ጀርባውን ወደ አፍ አዙራችሁ አስቀምጡ። ማይኮቹ እርስ በርስ የሚራራቁበት ርቀት፣ እያንዳንዱ ከሚቀዳው ነገር ካለው ርቀት 3 እጥፍ ይሁን። ከዚያ ሞኖ አድርጋችሁ (ሁለቱን ወደ አንድ ቻናል ደምራችሁ) ስሙ፣ የአንዱን ማይክ ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና አወዳድሩ፤ ወፍራም ሆኖ የተሰማውን ያዙ።

ለየብቻ መቅዳት ቀላል ነው፤ ለልምምድም ጥሩ ነው። ማሲንቆ እየገዘገዘ የሚያዜምን አዝማሪ ግን አትለያዩት። ድምፁና ቅኝቱ አብረው ይተነፍሳሉ፣ ለየብቻ ሲቀዱ ዜማው ይደርቃል። ትንሽ መደራረብ ከዚያ ይሻላል።

6. ሚክስ

ምንም ፕለጊን ሳታስገቡ በፌደር (በእያንዳንዱ ትራክ የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ብቻ ግማሽ ሰዓት ሚዛን አስይዙ። ሚክሱ እዚህ ካልቆመ ኮምፕሬሰር አያቆመውም። ቀጥሎ ከድምፃዊው ላይ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ድምፁ ከደፈረሰ ከ250 እስከ 400 ሄርዝ ባለው መካከል 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ኮምፕሬሰር ለድምፃዊ በ3 ለ 1 (ከወሰኑ በላይ 3 ዴሲቤል ሲገባ 1 ብቻ ያሳልፋል)፣ አታክ (መጫን ለመጀመር የሚወስደው ጊዜ) ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሴኮንድ፣ ቅነሳው ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል። ለከበሮ አታኩን ወደ 30 ሚሊ ሴኮንድ አዘግዩት፤ ከፈጠነ የእጁን ምት ይውጠውና ከበሮው ከሩቅ የሚመታ ይመስላል።

የድምፅ ማረሚያ ፕለጊን ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው በምዕራባውያን ሜጀር ወይም ማይነር ስኬል ነው። አንቺሆዬ ወይም አምባሰል በዚያ ሲያልፍ ከቅኝቱ የሆኑትን ድምፆች እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ጎረቤት ኖታ ይጎትታቸዋል፤ ድምፃዊው የሚያወዛውዛቸውን ቦታዎችም ደረጃ ደረጃ ያደርጋቸዋል። ቅኝቱን ኖታ በኖታ ራሳችሁ አስገቡ፣ ፍጥነቱንም አዘግዩ፤ የሳተችውን አንዲት ቦታ በእጅ ማረም ከሁሉም ይበልጣል።

በፕለጊንና ያለ ፕለጊን ስታወዳድሩ ከፍታቸውን እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ ጥሩ ነው ይላል። ለዩቲዩብና ለስፖቲፋይ ወደ -14 ሉፍስ (የዘፈኑ አማካይ ጩኸት መለኪያ)፣ ጫፉ ከ-1 ዴሲቤል ሳያልፍ አውጡ። በስልክ፣ በመኪናና በሚኒባስ ታክሲ ስፒከር አዳምጡት። ስትሠሩ ክፍሉ ውስጥ ወደ ጆሯችሁ የሚደርሰው ድምፅ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል ይሁን። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የጆሮ ወሰን ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የተጎዳ ጆሮ አይታከምም።

7. ለእንጀራ የምትፈልጉት ከሆነ

የማታውቁት ሰው ሥራ፣ በክፍያ፣ በቀነ ገደብ ተረከቡ። ለራሱ ዘፈን ሌሊቱን ሙሉ የማይሰለች ሰው የሌላውን ፖድካስት «እ... እ...» ለ4 ሰዓት ሲቆርጥ ይወደው እንደሆነ እዚያ ያውቃል። አብዛኛው የሙያው ሰዓት ማጽዳት፣ መሰየም፣ መጠበቅና ማረም ነው። ይህን ሳትጠሉ ከቀጠላችሁ ሥራው ለእናንተ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት ተስማሙ። ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ፣ ሁለት ማስተካከያ በነጻ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ በሉ፤ የምታስረክቡትንም ዘርዝሩ፦ ዋናው ዋቭ ፋይል፣ ድምፅ የሌለበት ቅንብር፣ ለየብቻ የወጡ ትራኮች። ቅጂው የማን እንደሆነም ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲውና ከከዋኙ ሌላ ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩም መብት ይሰጣል፤ በቃል የታለፈ ነገር ዘፈኑ ሲታወቅ ጠብ ይሆናል።

ቶሎ ገንዘብ የሚገኘው ከመድረክ ነው፦ ሰርግ፣ ስብሰባ፣ ጉባኤ። እዚያ የመጀመሪያው ጠላት ፉጨት ነው። ሞንታርቦውን ከማይኮቹ ፊት አስቀድሙት። የዘፋኙን ሞኒተር በኤስኤም 58 ቀጥታ ከማይኩ ጀርባ አድርጉት፤ ሱፐርካርዲዮይድ (ወደፊት ይበልጥ ጠበብ አድርጎ የሚሰማ ማይክ) ከሆነ ግን የማይሰማው ጎኑ 125 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ወደ ጎን ይዘዋወር። ሰው ሳይገባ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሲያፏጭ ያንን ፍሪኩዌንሲ በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚቀንስና በሚጨምር መቆጣጠሪያ) ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንሱ። የማይኩን ራስ በእጁ የሚጨብጥ ዘፋኝ ካለ ንገሩት፤ ሲሸፈን ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ያፏጫል።

የመድረክ ገቢ ግን ወቅት አለው። ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። በጥር ኪሱ ሞልቶ ሥራውን የለቀቀ ሰው መጋቢት ላይ ይጨነቃል። ስለዚህ ገቢያችሁን ጾሙን ጨምሮ ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር መዝግቡ። የቤት ወጪያችሁን ግማሽ ከሸፈነና የ6 ወር ወጪ ተቀማጭ ካላችሁ መልቀቅ ይቻላል። ካልሆነ በፖድካስት፣ በማስታወቂያ ድምፅና በፊልም ድምፅ ክፍተቱን ሙሉ፤ እነዚህ ጾምም ክረምትም የላቸውም።

8. ለትርፍ ጊዜ ከሆነ

ቀነ ገደብ ስለሌለባችሁ ቀጣዩን ብር ክፍሉ ላይ አውሉት። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 የሆነ የእንጨት ፍሬም አሠሩ፣ ሮክዉል ሙሉበት፣ በአቡጀዲ ሸፍኑት፤ ሮክዉል ስትነኩ ጓንትና ማስክ አድርጉ። አራት ይበቃሉ፦ ሁለቱ በማዕዘን፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ግድግዳ። የጎኖቹን ቦታ ለማግኘት አንድ ሰው በግድግዳው ላይ መስታወት ያንሸራትት፤ ከወንበራችሁ ሆናችሁ ስፒከሩን የምታዩበት ነጥብ እሱ ነው። ጥሩ ስፒከር የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው።