ለዳገት የሚሆን የብስክሌት ጥርስ እንዴት ይመረጣል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት በብስክሌት የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ያንን መንገድ ለሁለት ዓመት ያህል በማይሆን ጥርስ ስወጣ ነበር። ፊት 39፣ ኋላ 25። ከመቀመጫዬ ተነስቼ በሙሉ ክብደቴ ካልረገጥኩ ፔዳሉ አይዞርም። ማታ ቤት ገብቼ ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴን ይወጋኛል። አቅም ያነሰኝ መስሎኝ ልምምድ ጨመርኩ፤ ሕመሙም ጨመረ። ለካ መቀየር የነበረበት ጥርሱ ነው።

ከዚህ በታች ፔዳሉ ጋ ያለውን «የፊት ጥርስ»፣ ኋላ ቸርኬ ላይ የተደረደሩትን «የኋላ ጥርስ» እላቸዋለሁ። 39 ወይም 25 ስል እያንዳንዱ ላይ ያሉትን ጥርሶች ብዛት ማለቴ ነው።

1. ያላችሁን ቁጠሩ

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ግሪሱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይታያችኋል። ካልተቀረጸ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ መቁጠር ነው።

2. ከሚከብዳችሁ ዳገት ተነሱ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፍጥነት ነው። «ሜዳ ላይ ስንት እሄዳለሁ?» ይላል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በሳምንት ውስጥ ከምትወጡት ሁሉ የሚከብደውን ዳገት ያዙ። እዚያ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደምትሄዱ በስልካችሁ እዩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ፣ በ2.1 አባዙት። 2.1 ሜትር የተለመደው የኮርስ ብስክሌት ጎማ አንዴ ሲዞር የሚሄደው ርቀት ነው። የ26 ኢንች ጎማም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የምታገኙት መልስ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ስንት ሜትር እንደምትሄዱ ነው።

የኔን እንሥራው። 39 ሲካፈል ለ25፣ 1.56 ነው። በ2.1 ሲባዛ 3.3 ሜትር ይሆናል። እኔ እንጦጦን የምወጣው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ይህ ማለት ፔዳሉን በደቂቃ 40 ጊዜ ብቻ ነበር የማዞረው። በኔ ልምድ ከ60 በታች ሲወርድ ሸክሙ በሙሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። አሁን ፊት 34፣ ኋላ 32 አድርጌያለሁ። አንድ ዙር 2.2 ሜትር ያስኬዳል። በዚያው 8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሁን የማዞረው 60 ነው። ዳገቱ ያው ነው፣ ላቡም አልቀረም። ጉልበቴን ግን ከዚያ ወዲህ አላመመኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በውጭ አገር የሚጻፉት የጥርስ ምክሮች አብዛኛዎቹ ለባሕር ወለል ቅርብ የሆነን መንገድ አስበው የተጻፉ ናቸው። እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። እግር ያው እግር ቢሆንም ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ምክሩ «ኋላ 28 ይበቃል» ካለ፣ እናንተ 32 ያዙ።

«ትልቁን የፊት ጥርስ ካሳነስኩ ቁልቁለት ላይ እቀራለሁ» የሚል ስጋት አለ። ቁጥሩን እንየው። ኋላ 11 ሆኖ በደቂቃ 90 ብታዞሩ፣ በ53 ጥርስ 55 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በ50 ጥርስ 52 ገደማ ትሄዳላችሁ። ልዩነቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ቱር ደ ፍራንስ ላይ እንደተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ ላለ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ግን ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘን ነው የምንወርደው።

3. ከመግዛታችሁ በፊት የብሎኑን ክብ ለኩ

እኔ ገንዘቤን ያጣሁት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

34 ጥርስ እንደሚያስፈልገኝ ካወቅኩ በኋላ አንድ ሱቅ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። የኔ ክራንክ (ፔዳሉን የያዘው፣ የፊት ጥርሱ በብሎን የሚታሰርበት ክንድ) አምስት ብሎን ነበረው። የገዛሁትም አምስት ቀዳዳ አለው። ቆጥሬያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት። አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ሳስቀምጥ አንዱ ቀዳዳ ገጠመ፣ ሌሎቹ አራቱ ወደ ውስጥ ቀሩ። ሱቁ «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ። ቀዳዳውን በሞረድ ላሰፋው ሁሉ አስቤ ነበር። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ፤ ጥርሱ ከመሐል ከወጣ ሰንሰለቱ በየዙሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። አንድ የቆዩ ሳይክል ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ገና እንዳዩት «ልጄ፣ ቀዳዳ መቁጠር ምን ያደርጋል? መለካት ነው እንጂ!» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋቱ ይለያያል። በኮርስ ብስክሌት ላይ በብዛት የምታገኙት ሁለቱ 130 እና 110 ሚሊ ሜትር ናቸው። 130ው ላይ ከ38 በታች የሆነ ጥርስ አይገባም፤ ቦታ የለውም። 110ሩ ግን እስከ 34 ይወርዳል።

አምስት ብሎን ሲሆን ክቡን ቀጥታ መለካት አይቻልም፣ ከአንዱ ብሎን ፊት ለፊት ሌላ ብሎን የለምና። ጎረቤታሞቹን ሁለት ብሎኖች ለኩ። ከመሐል እስከ መሐል። መሐሉን በዓይን መገመት ስለሚያሳስት ከአንዱ ብሎን ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ብሎን ግራ ጠርዝ ለኩ፤ ልኩ ያው ነው። 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 130 ነው። 65 ገደማ ከሆነ 110 ነው። ተራ የትምህርት ቤት ማስመሪያ ይበቃል።

የተራራ ብስክሌት ከሆነና አራት ብሎን ካለው ፊት ለፊት ያሉትን ለኩ። የተለመደው የውጭኛው 104፣ የትንሹ ጥርስ ደግሞ 64 ነው። 64ቱ እስከ 22 ጥርስ ይይዛል፤ ለዳገት ከዚህ የተሻለ የለም። አዳዲሶቹ የኮርስ ክራንኮች ላይ አራቱ ብሎኖች እኩል አልተራራቁም። እነሱን መለካት አያዋጣም፣ የክራንኩን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። ብሎን የሌለው፣ ጥርሱ ከክራንኩ ጋር አብሮ የተመታ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ክራንኩን መቀየር ነው።

የናንተ 130 ሆኖ ተገኘ እንበል። ክራንክ ከመግዛታችሁ በፊት ኋላውን አስቡበት። 39ኙን ሳትነኩ ኋላ 32 ብታደርጉ አንድ ዙር ወደ 2.6 ሜትር ይወርዳል። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይረክሳል።

4. ማርሽ ቀያሪው ይችለው እንደሆነ አረጋግጡ

የፊቱን ትልቅ ከፊቱ ትንሽ ቀንሱ። የኋላውንም እንዲሁ። ሁለቱን ደምሩ። ፊት 50 እና 34 ከሆነ 16፣ ኋላ 32 እና 11 ከሆነ 21፣ ድምሩ 37። የኋላ ማርሽ ቀያሪው (ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው) ይህን ያህል መቻል አለበት። ክንዱ አጭር የሆነ የኋላ ማርሽ ቀያሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ብዙም አያልፍም። ከአቅሙ በላይ ከሆነ፣ ትንሽ በትንሽ ላይ ስታደርጉ ሰንሰለቱ ይረግባል፤ አንዳንዴም ይወልቃል። የሚነሳው ትልቁ የኋላ ጥርስም ገደብ አለው፣ ስትገዙ ጠይቁ። ፊት ላይ ደግሞ የሁለቱ ጥርሶች ልዩነት ከ16 ባይበልጥ ይሻላል።

5. መግጠም

ብሎኖቹን ክራንኩ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ አላሏቸው፣ ከወጣ በኋላ ያስቸግራል። የውጭኛው ጥርስ ላይ ወጣ ያለችው ትንሽ ጉጥ ከፔዳሉ ክንድ ኋላ ትግባ። ብሎኖቹን በየተራ፣ አንዱን ዘላችሁ ሌላውን እያላችሁ አጥብቁ።

ትልቁ ጥርስ ካነሰ የፊቱን ማርሽ ቀያሪም ዝቅ አድርጉት። ከጥርሱ ጫፍ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይኑረው። ይህን ረስቼ ለአንድ ሳምንት ሰንሰለቱ ሲወልቅብኝ ከርሟል።

አሮጌ ሰንሰለት ላይ አዲስ ጥርስ አታድርጉ። ከአንዱ ፒን መሐል ተነስታችሁ ከእሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛው ፒን መሐል ለኩ፤ አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የናንተ 30.7 ከደረሰ አዲሱን ጥርስ ይበላዋል፣ ቀይሩት። አዲሱን ስትቆርጡ በማርሽ ቀያሪው ሳታሳልፉ ትልቅ በትልቅ ላይ ጠምጥሙት፣ ከገጠመበት ሁለት ቁራጭ ጨምሩ። ካሳጠራችሁት ትልቅ በትልቅ ስታደርጉ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ይገነጥለዋል።

እንጦጦን ወዲያው አትሞክሩት። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ባለ አጭር ዳገት ሁሉንም ማርሽ እየቀያየራችሁ ውጡ። ከዚያ ቤት ተመልሳችሁ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ እንደገና አጥብቁ።