የመስኖ ቦይ ማውጫ ሲነደፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ከቦዩ ጫፍ «ውሃ አልደረሰንም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግድቡ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከላይ ያሉት ገበሬዎች። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከቦዩ ወደ ማሳ ውሃ በምታወጣው ትንሽ ግንባታ ላይ ይገኛል። ባለሙያዎች ተርንአውት ይሏታል፤ እዚህ ማውጫ እንበላት። ስሌቷ አንድ ገጽ ስለማይሞላ ንድፏ የሚሠራው መጨረሻ ላይ፣ በጥድፊያ ነው።

የቱቦውን ስፋት መርጦ ከፍታውን መርሳት። «20 ሳንቲሜትር ቱቦ ይበቃዋል» ተብሎ ይታለፋል። ውሃውን የሚገፋው ግን ከማውጫው በፊትና በኋላ ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ነው። የፍሰት ኮኢፊሸንቱን (በቀዳዳው ላይ የሚጠፋውን ፍሰት የሚያሰላውን ቁጥር) 0.6 ብንወስድ ያው ባለ 20 ሳንቲሜትር ቱቦ በ10 ሳንቲሜትር ልዩነት 26 ሊትር በሰከንድ ያወጣል፤ በ20 ሳንቲሜትር ደግሞ 37 ሊትር። ስለዚህ ቱቦው በሁለቱም በኩል ውሃ ውስጥ ከሰጠመ፣ አንድ ገበሬ የራሱን የማሳ ቦይ ቆፍሮ የውሃውን ከፍታ በ10 ሳንቲሜትር ሲያወርድ 40 በመቶ ያህል ተጨማሪ ውሃ ይስባል። በር አልሰበረም፣ የማንንም ተራ አልነካም። መሬቱ ተዳፋት ካለው ውሃው ከቱቦው ወጥቶ በነፃ እንዲወድቅ ያድርጉ፤ ያኔ ከታች የሚደረገው ቁፋሮ ድርሻውን አይለውጠውም። ሜዳ ላይ ይህ ስለማይቻል ቢያንስ የማሳ ቦዩን መነሻ በኮንክሪት ደፍ ይያዙት።

ቀዳዳውን እንደመጣ ማስቀመጥ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቦዩ ሙሉ እያለ አይታይም። የውሃው ጥልቀት 60 ሳንቲሜትር የሆነ ቦይ እንውሰድ። በበጋ ውሃው 6 ሳንቲሜትር ሲወርድ የቦዩ ፍሰት 16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በነፃ የሚወድቀው ማውጫ የቀዳዳው መሃል ከውሃው ገጽ 45 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተሠራ ግን እሱ የሚያጣው 7 በመቶ ብቻ ነው። ከላይ ያሉት ማውጫዎች ሁሉ እንዲህ ከሆኑ የጎደለው ውሃ ተጠራቅሞ የሚያርፈው ጫፍ ላይ ባሉት ላይ ነው። ሌባ የለም፤ ንድፉ ራሱ አድልቷል። ቀዳዳው 18 ሳንቲሜትር ብቻ ዝቅ ቢል፣ ማለትም ከውሃው ገጽ ወደ ታች በጥልቀቱ 3/10 ላይ ቢቀመጥ፣ ማውጫው 18 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከቦዩ ጋር አብሮ ይወርዳል ማለት ነው። ከላይ ክፍት ለሆነ ማውጫ ይኸው ሚዛን የሚገኘው ደፉ ከውሃው ገጽ ወደ ታች በጥልቀቱ 9/10 ላይ ሲሆን ነው። ክራምፕ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1922 ለፑንጃብ ቦዮች ያወጣው ተመጣጣኝ ማውጫም የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

ደለልን ለጠራጊ መተው። ከላይ ያለው የ3/10 ምክር ዋጋ ያስከፍላል። ከባዱ አሸዋ የሚጓዘው ቦዩ ወለል አጠገብ ስለሆነ ከፍ ያለ ቀዳዳ ንጹሑን ውሃ እየወሰደ አሸዋውን ለቦዩ ይተዋል። ወለሉ ሲሞላ የውሃው ገጽ ከፍ ይላል፤ ከላይ ያሉትም የባሰ ይስባሉ። ወንዙ ደለላም ከሆነ ቀዳዳውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ከፍትሐዊነቱ ጥቂት ማጣት ይሻላል። ሁለቱንም አሟላለሁ የሚል ንድፍ አላምንም።

የ24 ሰዓት ስሌት ለቀን መስኖ። 20 ሄክታር በሄክታር 1.2 ሊትር በሰከንድ ቢፈልግ 24 ሊትር ይሆናል። ገበሬው የሚያጠጣው 12 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ማውጫው 48 ሊትር ማሳለፍ አለበት። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች የተሠሩለት ዋናው ቦይ ሌሊትም ስለሚፈስ ነው።

ሁሉም ላይ በር መግጠም። የላሜራ በር ዝጎ ይነክሳል፣ እጀታው ይጠፋል፤ ከዚያ ቀዳዳው በድንጋይና ጭቃ በተሞላ ጆንያ ይደፈናል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖውን አስተዳደር ለማኅበራቱ ሰጥቷል። በሩን ማን ይከፍታል፣ ቁልፉስ ማን ጋር ያድራል የሚለውን ለመወሰን ከመሣሉ በፊት የውሃ አባቱን (የውሃውን ተራ የሚያስተዳድረውን ሰው) ይጠይቁ። ብዙ ቦታ በር የሌለው ቋሚ ማውጫ ከተራ ጋር ይበቃል።

ቦዩ ሙሉ እያለ መረከብ። የምረቃ ቀን ሁሉም ማውጫ ጥሩ ነው። ርክክቡ የውሃው ከፍታ በወረደበት የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይሁን። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ማውጫ በአንድ ቀን ይለኩ፤ ልዩነቱ ከታየ የቀዳዳው ኮንክሪት የሚታረመው ተቋራጩ ሳይወጣ ነው።