አውቶካድ ላይ ኩርባ እኩል አልከፈል ሲል

ባህር ዳር ፕላን የሚሠራ ሰው ኩርባ አይጠፋበትም። የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ይጠማዘዛል፣ የመዝናኛው ጎጆ ክብ ነው፣ ወደ ውሃው የወጣው በረንዳም ግማሽ ክብ። እነዚህን እኩል ለመክፈል አውቶካድ (በኮምፒውተር ፕላን የሚሣልበት ፕሮግራም) ውስጥ ያለው፣ ኩርባው ላይ በእኩል ርቀት ነጥብ የሚያስቀምጠው ዲቫይድ (DIVIDE) የሚባል ትዕዛዝ በቂ ነው። ሰው ሁሉ «አልሠራም» የሚለውም እሱኑ ነው።

«10 ጻፍኩ፣ ኢንተር አልኩ፣ ምንም የለም።» ትላላችሁ። ኧረ አለ! ነጥቦቹ ተቀምጠዋል፣ ግን እያንዳንዷ አንድ ፒክስል ስለምታክል መስመሩ ውጧታል። የነጥብን መልክ የሚቀይረውን ፒዲሞድ (PDMODE) ጻፉና 3 ስጡት፣ ኤክስ ሆና ትወጣለች። ኦስናፕ (ጠቋሚውን ትክክለኛ ቦታ ላይ የሚያስይዘው) ውስጥ ኖድንም (ነጥብ የሚይዘውን) አብሩ፣ አለበለዚያ ነጥቧን ይዛችሁ መሥራት አትችሉም።

ኩርባው አልተቆረጠም? አይቆረጥም! ዲቫይድ ምልክት ያደርጋል እንጂ መቀስ አይደለም። ክፍት ኩርባን በየነጥቡ ብሬክ አት ፖይንት በሚባለው መቁረጫ ቁረጡት። ሙሉ ክብ በዚህ እሺ አይልም፤ አንዱን ቁራጭ በአርክ (የክብ ቁራጭ በሚሥለው ትዕዛዝ) ሥሩና በፖላር አሬይ (በመሃሉ ዙሪያ እያባዛ በሚደረድረው) አዙሩት።

ነጥብ ከጎደላችሁ ደግሞ አልጎደለም። ክፍት ኩርባ 10 ቦታ ሲከፈል 9 ነጥብ ብቻ ያገኛል፣ ጫፎቹ ላይ አያስቀምጥም። የመብራት ምሰሶ የምትተክሉ ከሆነ 11 ያስፈልጋል፣ ሁለቱን ጫፎች ራሳችሁ ጨምሩ። ክብ ግን 12 ካላችሁት 12 ነው።

መጨረሻ ላይ ትርፍ ከቀረ የተጠቀማችሁት ሜዠርን (በክፍል ብዛት ሳይሆን በተሰጠው ርዝመት የሚከፍለውን ትዕዛዝ) ነው። 31.42 ሜትር መንገድ በ3 ሜትር ሲለካ 10 ቁራጭ ወጥቶ 1.42 ይተርፋል። መለካት የሚጀምረው ጠቅ ካደረጋችሁበት አቅራቢያ ካለው ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ትርፉ እንዲወድቅ ከምትፈልጉበት በተቃራኒው ጫፍ በኩል ንኩ። ከሰርቬየር የመጣ የሐይቅ ዳር መስመር ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው፣ ዲቫይድ ደግሞ የነካችሁትን ቁራጭ ብቻ ያያል። መጀመሪያ በጆይን (ቁራጮችን በሚያጋጥመው ትዕዛዝ) አንድ አድርጉት።

አሁን ገንዘብ የሚያስወጣው ችግር። ስክሪን ላይ ልክ ነው፣ ሳይት ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚገባው ብረት አይገጥምም። ምክንያቱ ዲቫይድ የሚከፍለው በኩርባው ላይ እየተጓዘ መሆኑ ነው፣ በያጁ ግን ቀጥ ያለ ብረት ነው የሚቆርጠው። ራዲየሱ 3 ሜትር የሆነ የግማሽ ክብ በረንዳ 4 ቦታ ሲከፈል በኩርባው 2.356 ሜትር ይመጣል፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ ግን 2.296 ነው። በየብረቱ 6 ሴንቲ ልዩነት! ለበያጁ ሁልጊዜ ሁለተኛውን፣ በዲስት (ቀጥታ ርቀት በሚለካው ትዕዛዝ) የለካችሁትን ስጡት።

ክብ ላይ ቢያንስ ሁሉም ብረት እኩል ይወጣል። ኤሊፕስና (ሞላላ) ስፕላይን (በነጥቦች መካከል የሚጠማዘዝ ልቅ ኩርባ) ላይ እሱም የለም፤ ኩርባው ጠበብ ባለበት ብረቱ ያጥራል፣ ዘርጋ ባለበት ይረዝማል። እኩል ብረት የግድ ከሆነ ከጫፍ ጀምራችሁ በአንድ ራዲየስ ሰርክል (ክብ) እየሣላችሁ፣ ኩርባውን በቆረጠበት ላይ ቀጣዩን እያደረጋችሁ ሂዱ፣ የመጨረሻው ጫፉ ላይ እስኪያርፍ ራዲየሱን አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ብረት ሁለቴ ከመግዛት ይሻላል።

መስመሩን በኋላ ካንቀሳቀሳችሁት ነጥቦቹ አይከተሉም። ለብቻቸው ሌየር (የሥዕል ንጣፍ) ላይ አኑሯቸው፣ ሰርዛችሁ እንደገና መክፈል ነው።