ኔትም መብራትም በማያስተማምኑበት ሰፈር ሊኑክስ መጫን

በዊንዶውስ ፋንታ ወይም ጎን የሚጫነውን ሊኑክስን ስለመጫን የሚጻፈው አብዛኛው መመሪያ ኔቱ ለማይቋረጥበት ሰው ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ግን ትልቁ ጥያቄ ከምን ላይ ልጫን የሚለው ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን ደቢያንን ልውሰድ፣ ብዙ ጊዜ የምጭነው እሱን ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠቁማችሁ ኔትኢንስት የሚባለውን ትንሹን ፋይል ነው። ከ1 ጊጋባይት ያንሳል፣ ግን እንዳይሸውዳችሁ። ዴስክቶፑንና ቀሪውን ሁሉ የሚያወርደው መጫን ከጀመራችሁ በኋላ ነው፣ መሃል ላይ ጥቅሉ ካለቀ እዚያው ቆማችሁ ትቀራላችሁ፣ ጎረቤት ጫኑልኝ ሲል ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይወርዳል። እኔ ዲቪዲ 1 የሚባለውን ነው የምመክረው። ወደ 4 ጊጋባይት ይጠጋል፣ ዴስክቶፑ ግን አብሮ አለ። መሃል ከተማ ስትገቡ ዋይፋይ ያለበት አውርዱት፣ ካልሆነም ማታ በቶረንት ልቀቁት፤ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ስሙ ዲቪዲ ይሁን እንጂ ፍላሽ ላይም ይጻፋል።

8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ፋይሉን ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሰራም። ዊንዶውስ ላይ ፍላሽ የሚጽፈውን ሩፈስ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ፣ በምን መንገድ ልጻፍ ሲላችሁ ዲዲ የሚለውን ምረጡ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ የእህታችሁ የሰርግ ፎቶ ካለበት ቀድማችሁ አውጡት። ሲያልቅ ዊንዶውስ ፍላሹን ፎርማት ላድርገው ሊል ይችላል። እሺ እንዳትሉት፣ ፍላሹ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ቶሎ ቶሎ ንኩና ፍላሹን ምረጡ። ፊርማ የሌለው ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ለደቢያን ችግር አይደለም፣ ከ2019ኙ ደቢያን 10 ጀምሮ ይቀበለዋል። ሊኑክስ ያልሆነውን ሌላ ነጻ ሲስተም ፍሪቢኤስዲን ለምትጭኑ ግን ሴኪዩር ቡት መጥፋት አለበት፤ የእሱ የፍላሽ ፋይል ደግሞ ስሙ ላይ ሜምስቲክ የሚል አለው።

ደቢያን እየተጫነ የኔትወርክ ሚረር (ፕሮግራሞች ከኔት የሚወርዱበት ሰርቨር) ልጠቀም ወይ ብሎ ሲጠይቅ አይ በሉት፣ ዳታችሁ የሚተርፈው እዚህ ጋ ነው። ሙሉ ዲስኩን ተጠቀም የሚለው ምርጫ ዊንዶውሱንም ፋይሉንም ጠራርጎ ያጠፋል። ዊንዶውሱን አስቀርታችሁ ቦታ የምታካፍሉ ከሆነ በጣም የሚያስፈራው መብራት ነው። ክፍልፋዩ እየጠበበ እያለ መብራት ከሄደ የነበረው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ባክአፕ ያዙ፣ የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉ፣ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ደግሞ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አትጀምሩ። ፓኬጅ (የሲስተሙ ፕሮግራሞች) ወደ ዲስኩ እየተገለበጠ ከሆነ መብራቱ የሄደው ያን ያህል አያሳስብም፣ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው፤ የሚባክነው ሰዓት ብቻ ነው።

ከፍላሽ የማይነሳ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዲቪዲ ማቃጠል ግድ ነው። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ ፋይሉን እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን እንደ ኢሜጅ አቃጥሉት። ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ ደቢያን 12ን ያዙ፤ በ2025 የወጣው 13 ለ32 ቢት መጫኛ የለውም።

የትምህርት ቤት ላብ ዓይነት ብዙ ማሽን ካላችሁ በኔትወርክ ማስነሳት ይቻላል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ለሌሎቹ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) የሚያድለውንና የማስነሻ ፋይል የሚልከውን ዲኤንኤስማስክ የሚባል ፕሮግራም ጭናችሁ ሁሉንም በስዊች አገናኙ። ለሁለት ለሦስት ማሽን ግን አትድከሙ፣ ፍላሹን እያዞራችሁ ጫኑ። ከሞከራችሁትም ስዊቹን ከዋይፋይ ራውተሩ ንቀሉት፣ አለዚያ ላፕቶፑም ራውተሩም አይፒ ሲያድሉ የግቢው ኔት ሁሉ ይተራመሳል።